ሃያ ቁና ፍርሃት

በ፲፱፻፶፯ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ሲገባ የነገሩ አኳኋን እንዲህ ነበር። የአጥቢያ ዳኛው ግራዝማች ወልደ ሥላሴ ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት፣ የበቅሏቸው ዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ነው። በቅሎዋ ዳማ፣ ጀርባዋ ሰፊ፣ እርምጃዋ የተመሰገነ ናት። ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር ወዲህ ግን ማንም በጀርባዋ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ግራዝማች በየገበያው ቀን ከቤታቸው እስከ ራቤል ያለውን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በእግራቸው ይሄዳሉ። በቅሎዋ ኮርቻ ተጭና፣ ግላስ ለብሳ፣ ባዶዋን ትከተላቸዋለች። ልጓሙን የሚይዙት ራሳቸው ናቸው።

ለምን አይቀመጡባትም ተብለው ሲጠየቁ «ስእለት አለብኝ» ይላሉ። ስእለቱ ለማን እንደሆነ ግን እንደ ጠያቂው ይለያያል። ለአማቻቸው ለሥላሴ ነው ብለዋል፤ ለንስሐ አባታቸው ለማርያም፤ ለጨው ነጋዴው ለጊዮርጊስ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ በልባቸው ይዘዋል።

«እኔ አግብቼ ያላገኘሁትን ኑሮ በቅሎዋ አገኘችው» ይላሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። «ትበላለች፣ ትሸለማለች፣ የሚያዛት የለም።»

እውነቱን የሚያውቁት ሦስት ነበሩ፤ ግራዝማች፣ ባለቤታቸውና በቅሎዋ። በ፲፱፻፶፭ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ግራዝማች ብቻቸውን ከፍርድ ሲመለሱ ቀይ አፈር በሚባለው አፋፍ የመንገዱ ጠርዝ ተናደ። በቅሎዋ ቀረች፣ ግራዝማች ሄዱ። ሩቅ አልሄዱም፤ አራት ክንድ ያህል ወርደው አንዲት የአስታ ቁጥቋጦ በበርኖሳቸው ያዘቻቸው። ከዚያ እንዴት እንደወጡ በደንብ አያስታውሱም። በደንብ የሚያስታውሱት ከእግራቸው ሥር የነበረውን ገደል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግራቸው እርካብ ሲነካ ያው ገደል እንደገና ከሥራቸው ይከፈታል፤ እግራቸውንም መልሰው ያወርዳሉ።

እንዲህም ሆኖ ኑሮው ይገፋ ነበር። ነሐሴ ሦስት ቀን ግን ከዓለም ከተማ ደብዳቤ መጣ። ከአንድ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ እሷም ሸዋረግ ናት፤ መርሐቤቴ ተድራ ሐምሌ አሥራ ሦስት ቀን ሴት ልጅ ወልዳለች። ክርስትናው በሰማንያ ቀኗ፣ መስከረም ሃያ ሰባት ነው። «አባቴ ቆሞ ሳያያት ልጄ አትጠመቅም» ይላል ደብዳቤው። ዓለም ከተማ በበቅሎ የአራት ቀን መንገድ ነው፤ በዚያ በኩል መኪና አያልፍም። በእግር እንዳይባል የግራዝማች ግራ ጉልበት ከራቤል ወዲያ አይሄድም። ስለዚህ ወይ በቅሎዋ ላይ መውጣት ነው፣ ወይ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ማጣት።

ደብዳቤው በደረሰ በማግስቱ ግራዝማች እንደ ልማዳቸው በቅሏቸውን እየሳቡ ከገበያ ሲመለሱ ከአንድ ወጣት ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ። መርስዔ ኃዘን ይባላል፤ የሟቹ የደብር አለቃ ልጅ ነው። ባሕር ማዶ ሦስት ዓመት ተምሮ ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ መምህራንን ያስተምራል፤ ለክረምት ዕረፍት እናቱን ሊጠይቅ መጥቷል።

«እንደምን ዋሉ ግራዝማች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ የአለቃ ልጅ አይደለህም? ሰው አገር ተምሮ መጣ ሲሉ ሰማሁ። ሐኪም ሆንህ?»

«ሐኪም እንኳ አይደለሁም። የተማርሁት ሥነ ልቡና ነው። ሰው ከልክ በላይ የሚፈራው ነገር ሲኖር፣ ሐዘን አልወጣለት ሲል፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ መርምረን የምንረዳበት ሙያ ነው።»

«መድኃኒቱ ምንድን ነው? ቅጠል ነው ሥር?»

«መጀመሪያ ማዳመጥ ነው።»

ግራዝማች ቆሙ። በቅሎዋም ቆመች።

«ማዳመጥ! እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሳዳምጥ አንድ የዳነ አላየሁም። እንዲያውም የሚያዳምጣቸው ሲያገኙ ይብስባቸዋል።»

መርስዔ ኃዘን ሳቀና ጥቂት መንገድ አብሯቸው ሄደ። ከዚያ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህች በቅሎ እግሯን ያማታል?» ሲል ጠየቀ።

«ምን በወጣት!»

«ታዲያ በዚህ ጭቃ ለምን በእግርዎ ይሄዳሉ?»

«ስእለት አለብኝ።»

«ለማን?»

ግራዝማች ለዚህኛው ጠያቂ ገና አልተዘጋጁም ነበር። «ለ... ለሚካኤል» አሉ።

«ከወንዙ ጀምሮ ከኋላዎ ስመጣ በቅሎዋ አንገቷን ባነሣች ቁጥር ልጓሙን በሁለት እጅዎ ሲጨብጡ አየሁ። አራት ጊዜ አንገቷን አነሣች፤ አራት ጊዜ ጨበጡ። ስእለት ያለበት ሰው እንዲህ የሚጨብጥ አልመሰለኝም።»

«አንተ ልጅ! ባሕር የተሻገርኸው የሰው ጣት ልትቈጥር ነው?»

ግራዝማች ተቈጡ። ዝናቡ ግን ከሁለቱም በላይ ተቈጣና ከግራዝማች ቤት አስገባቸው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ለእንግዳው ከምድጃው አጠገብ ቦታ ሰጥተው፣ በርኖሱን አራግፈው ሰቀሉለትና፣ «ዛሬ ስእለቱ ለማን ሆነ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ለሚካኤል» አለ መርስዔ ኃዘን በየዋህነት።

«አራተኛ ታቦት!» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። «እንግዲህ ታቦቱ ሁሉ ሳያልቅ ይንገሩት። ወድቀዋል፤ ፈርተዋል፤ የልጄ ልጅ ስትጠመቅ አያቷ በደብዳቤ ሊገኙ ነው!»

ግራዝማች እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ።

«እሺ፣ ፈራሁ እንበል። እንበል ነው ያልሁት። መድኃኒት ካለህ ስጠኝ፤ ጥያቄ ምን ያደርግልሃል? እኔ ስንት ጸበል ተጠምቄያለሁ፤ ከየት እንደመጣሁ እንኳ የጠየቀኝ የለም።»

«ጸበልዎን አይተዉ፤ የኔ ሥራ ከዚያ ጋር አይጣላም። የኔ ግን ከጥያቄ ይጀምራል። ሰው የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ፣ ሰውነቱ ረግቶ ሳለ ቀስ በቀስ ቢቀርበው ፍርሃቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ በጥናት ታይቷል።»

«ማን መሰከረ?» አሉ ግራዝማች። በዚህ ጊዜ በውስጣቸው ያለው ዳኛ ነቅቶ ነበር።

«የሞከሩት ሐኪሞች ናቸው። ብዙ ሰው ላይ ሞክረው የተሻለውንም ያልተሻለውንም ቈጥረው ጽፈዋል።»

«ያልተሻለውንም?»

«ያልተሻለውንም።»

ግራዝማች ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «በራሱ ላይ የሚመሰክር ምስክር እስካሁን በችሎቴ አልገጠመኝም» አሉ። ከዚያም ለወጣቱ፣ «ቀጥል።»

መርስዔ ኃዘን ደብተሩን አወጣ። «ፍርሃትዎን በቍጥር እንለካዋለን። ፍርሃት ከሌለ ዜሮ፣ የመጨረሻው ፍርሃት መቶ...»

«መቶ ምን?»

«እንዲሁ መቶ።»

«እንዲሁ መቶ የሚባል ነገር የለም። መቶ በግ? መቶ ክንድ? እኔ ችሎት ላይ ቀርቦ እንዲሁ መቶ የሚለኝን ሰው አስወጣዋለሁ።»

ወጣቱ እስክርቢቶውን ይዞ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። በጥጉ ገብስ የሚሰፈርበት ቁና ተቀምጧል። «እንግዲያው በቁና ይሁን» አለ። «ሃያ ቁና አንድ ዳውላ። ዳውላው ከሞላ ከዚያ በላይ የሚጫን ፍርሃት የለም።»

«አሁን ሰው የሚያውቀውን ተናገርህ» አሉ ግራዝማች፤ ወዲያውም መስፈር ጀመሩ። በቅሎዋ በረት ውስጥ ቆማ ከደጅ ሲያይዋት ሦስት ቁና። ኮርቻውን በእጃቸው ሲነኩ ስድስት። እግራቸው እርካብ ሲገባ አሥራ አንድ። ሜዳ ላይ ተቀምጠውባት አሥራ አምስት። ቀይ አፈር አፋፍ ላይ?

«ዳውላው ሞልቶ መሬት ላይ ይፈሳል።»

መርስዔ ኃዘን ሁሉንም ጻፈ። በነጋታው መጥቶ መጽሐፎቹ እንደሚሉት ሰውነታቸውን ሊያረጋጋ ሞከረ። መደቡ ላይ በጀርባቸው አስተኛቸው፤ እጃቸውን ጨብጠው እንዲለቁ፣ እግራቸውን ወጥረው እንዲለቁ፣ ዓይናቸውን እንዲከድኑ ነገራቸው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ውኃ ቀድተው ሲገቡ ባላቸው ዓይናቸውን ከድነው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ከራስጌያቸው ሰው ደብተር ይዞ ቆሞ አዩና እንስራው ከጀርባቸው ሊወድቅ ሆነ።

«ምነው! ምን ሆኑብኝ?»

«ምንም አልሆንሁ» አሉ ግራዝማች ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እየገነዘኝ ነው።»

ወጣቱ በእጅ ሰዓቱ ትንፋሻቸውን ቈጠረ። ከመተኛታቸው በፊት በደቂቃ ሃያ ሁለት ነበር፤ አሁን ሃያ አምስት ሆኗል። ደብተሩ ላይ «አልሠራም» ብሎ ጻፈ።

«ምን ብለህ ጻፍህ?»

«አልሠራም ብዬ።»

«በራስህ ላይ?»

«በራሴ ላይ።»

በዚሁ መካከል ሁለት ሰዎች እየተጯጯሁ ከደጅ ደረሱ። የአንደኛው በጎች ተከልክሎ የከረመው የጓሳ ሣር ውስጥ ገብተው ተይዘዋል። ግራዝማች ከመደቡ ተነሥተው በርኖሳቸውን ደረቡ፤ ተቀመጡ፤ ድምፃቸው ወፈረ። «አንተ ቅድም፣ አንተ ኋላ» አሉ። ሰዎቹ ሲጮኹ እሳቸው ይበልጥ ረጉ። መርስዔ ኃዘን ጥጉ ላይ ሆኖ እንደገና ቈጠረ። አሥራ ሦስት።

አንባቢ ልብ ይበል። መጽሐፉ ሰውነት ይርጋ ይላል እንጂ ወልደ ሥላሴ የተባለ ሰው በምን እንደሚረጋ አይናገርም። ይህን የሚነግር ወልደ ሥላሴ ራሱ ብቻ ነው፤ እሱም በአፉ ሳይሆን በትንፋሹ ነገረ።

ባለጉዳዮቹ ሲሄዱ ወጣቱ ቀረብ አለ። «ግራዝማች፣ በቅሎዋ ጥላዎታለች አይደል?»

«ጥላኛለች!»

«ስለዚህ ጉዳይ ተከስሳ ታውቃለች?»

ግራዝማች ይቀልዳል ብለው አዩት። አልቀለደም።

«ከሳሽም ዳኛም እኔ? ይህ በየትኛው ሕግ ነው?»

«ከሳሽ እኔ እሆናለሁ፣ ስለ እርስዎ ቆሜ። እርስዎ ይፍረዱ።»

«የበቅሎዋ ነገረ ፈጅ እኔ ነኝ!» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከጓዳ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የምለው ሞልቶኛል።»

እንዲህ ሆኖ ችሎቱ ተሰየመ። መጀመሪያ በቅሎዋ ከበረት ሳትወጣ፣ ግራዝማች ከደጅ ተቀምጠው ነገሩ ተሰማ። በሁለተኛው ቀጠሮ ዐሥር እርምጃ ላይ ታሰረች። በአራተኛው ዳኛው ተከሳሿን ለመመርመር ኮርቻዋን በእጃቸው ነኩ። ወጣቱ በየጊዜው «ስንት ቁና?» ይላል፤ ቍጥሩ ወደ ግማሽ ሳይወርድ ወደሚቀጥለው አያሳልፋቸውም።

«ዛሬ ልውጣባት» አሉ ግራዝማች አንድ ቀን፤ ሞቅ ብሏቸው ነበር።

«ዛሬ አይሆንም። ኮርቻው ገና አራት ቁና ነው፤ ሦስት ሲሆን።»

«ዳኛው እኔ ነኝ!»

«መዝገቡ ግን እኔ ጋ ነው።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅም ሥራቸውን አልበደሉም። «ጌታዬ» አሉ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ተከሳሿ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰው ሰድባ አታውቅም፤ በሐሰት ምላ አታውቅም፤ አራት ታቦት ላይ ስእለት አለብኝ ብላ አታውቅም።»

«ይህ ከነገሩ ውጭ ነው!» አሉ ዳኛው። በዚህ ጊዜ በቅሎዋ ጭራዋን አንሥታ ፋንድያዋን ጣለች። ዳኛው ችሎት በመድፈር ለአንድ ቀን ገብስ ከለከሏት፤ ማታ ግን ራሳቸው ሰጧት።

ነሐሴ ሃያ አራት ቀን ግራዝማች እግራቸውን እርካብ ውስጥ አግብተው ሃያ ደቂቃ ቆሙ። መጀመሪያ ዐሥር ቁና፣ መጨረሻ ላይ አራት።

ችግሩ የመጣው ከደስታቸው ነው። በአገራችን መድኃኒት ያገኘ ሰው ለጎረቤቱ ሳይናገር አያድርም፤ ሸሸገ ተብሎ ይታማልና። ግራዝማች በሚቀጥለው ገበያ አማከለችን አገኟት። አማከለች ጥጥ ነጋዴ ናት፤ ባሏ ጎበዜ ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው። እሷም እንደ እሳቸው ባዶ በቅሎ ትስባለች። ግራዝማች ይህን አይተው ዝም አላሉም። «ክሰሻት» አሏት። «ሰባት ቀን ችሎት አስችይባት፣ ምስክር ጥሪባት፣ ትድኛለሽ። በኔ ይሁንብሽ።» ዳኛ ያለውን ማን እንቢ ይላል?

በጳጉሜን አራት ቀን መርስዔ ኃዘንና ግራዝማች ከደጅ ተቀምጠው ሳለ አማከለች ዓይኗ አብጦ ከግቢው ገባች።

«ግራዝማች፣ ምን አደረግሁዎት?»

«ምነው አማከለች? አልሠራም?»

«በቅሎዬን ክሰሻት አሉኝ፣ ከሰስኋት። ምስክር ጥሪ አሉኝ፣ ጎረቤቶቼን ጠራሁ። ሁሉም ስለ በቅሎዋ ሊመሰክሩ መጥተው ስለ ጎበዜ እያወሩ አልቅሰው ሄዱ! አንዱ ከዚህ ወደዚያ ሲሻገር እንዲህ ይቀመጥባት ነበር ይላል፣ አንዱ እንዲህ ይስቅ ነበር ይላል። ይኸው ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም!»

«ለኔ የሠራው ላንቺ ለምን አይሠራም? አንቺም በቅሎ ፈርተሽ አይደለም?»

«እኔ መቼ ፈራሁ አልሁ? ከዚያ ኮርቻ ላይ የተቀመጠው ጎበዜ ነው። እኔ ከወጣሁ እሱ ወረደ ማለት ነው!»

መርስዔ ኃዘን ደብተሩን ዘግቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ተነሣ።

«እትዬ አማከለች፣ ከፈቀዱልኝ ከዚያ ማዶ እንቀመጥ። ስለ በቅሎዋ አልጠይቅዎትም። ጋሼ ጎበዜን እኔ አላውቃቸውም፤ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ከግድግዳው ጥግ ተቀመጡ። አማከለች መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ ተናገረች፤ ከዚያ አንድ ጊዜ እንኳ ሳቀች። ወጣቱ አልጻፈም፣ ቁናም አልጠየቀ፣ ቶሎ በይም አላለ። ግራዝማች ከሩቅ ሆነው ይህን ሁሉ እያዩ ቅር አላቸው። ወጣቱ ሲመለስ ተቀበሉት።

«ለኔ ስትሆን ስንት ቁና፣ ስንት ደቂቃ እያልህ መተንፈሻ አሳጣኸኝ። ለእሷ ዝም ብለህ ተቀመጥህ። ይህ አድልዎ ነው!»

«ግራዝማች፣ ባለፈው ሰኞ ሁለት የወሰን ክርክር አይተዋል።»

«አይቻለሁ።»

«አንዱን ለከሳሽ፣ አንዱን ለተከሳሽ ፈረዱ። ሁለቱም ወሰን አይደሉም? ለምን በአንድ ፍርድ አልጨረሷቸውም?»

«አብደሃል? የአንዱ የወሰን ድንጋይ በሌሊት ተነቅሎ ነው። የሌላው ድንጋዩ ቦታው ላይ ነው፤ ጎረቤቱ ነው ዓይኑ የሳሳው። እንዴት በአንድ ይፈረዳል?»

«ሕጉስ ሁለት ነው?»

«ሕጉማ አንድ ነው! የሚለያየው ነገሩ...» ግራዝማች ቆም አሉ። ራቅ ብላ ዓይኗን የምትጠርገውን አማከለችን አዩ፤ በረት ውስጥ ያለችውን በቅሏቸውን አዩ። «ሕጉ አንድ ነው፤ ነገሩ ነው የሚለያየው» አሉ ቀስ ብለው።

መርስዔ ኃዘን ደብተሩን ከመሬት አነሣ።

«ጥናት የምትለው ሕጉ ነው ማለት ነው» አሉ ግራዝማች። «የተመሰከረለት። ያለ እሱ የፈረደ ዳኛ በስሜቱ ይፈርዳል። ግን ሕጉን ብቻ ይዞ ባለጉዳዩን ሳይሰማ የፈረደም...» አሁንም ወደ አማከለች አዩ። «የፈረደም እኔ ነኝ።»

«እርስዎ በጎ አስበው ነው።»

«በጎ አስቦ የተሳሳተ ፍርድም ይሻራል። ይልቅ ያልሁትን ጻፈው።» ከዚያ ወደ ቤት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ተናኘወርቅ! ሕጉ አንድ ነው ነገሩ ይለያያል ብያለሁ! የተናገርሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም!»

«ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። «ከሳምንት በፊት ቢሉት አማከለች እህሏን በበላች።»

በሚቀጥለው ገበያ ግራዝማች ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሙ። የበቅሎዋን መድኃኒት ለሰው የሰጡት ያለ ሥልጣናቸው መሆኑን፣ ፍርዳቸውን ማንሣታቸውን ተናገሩ። ይህም በጊዜው ነበር፤ አንድ ሰው ራስ ምታቱ እንዲለቀው በሬውን ከስሶ ለሁለተኛ ቀጠሮ ደርሶ ተገኝቷልና። «ስእለትም አልነበረብኝም» አሉ ግራዝማች በመጨረሻ። «ፈርቼ ነው።» አንድ ሽማግሌ ከኋላ «እኔም ደራሽ ወንዝ እፈራለሁ» አለ፤ አንዲት ሴት «እኔ ነጐድጓድ» አለች፤ ሰው ሁሉ ተሳሳቀ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር የከበዳቸው ሸክም የወረደው እንዲህ በቀላሉ ነበር።

ሜዳ ላይ መቀመጡም በየቀጠሮው ወደ ሰባት ቁና ከወረደ በኋላ፣ መስከረም አሥራ አራት ቀን ግራዝማች በበቅሎዋ ተቀምጠው ወደ ቀይ አፈር ሄዱ። የወሰን ክርክር ቦታው ሳይታይ አይፈረድምና የበቅሎዋም ጉዳይ ቦታው እንዲታይ ራሳቸው አዝዘዋል። ወይዘሮ ተናኘወርቅና መርስዔ ኃዘን በእግር ተከተሏቸው። አፋፉ ሲታይ ወረዱ።

«ስንት?» አለ ወጣቱ።

«አሥራ አራት።»

«እንቆይ።»

ቆዩ። ዳኛው ቦታውን መመርመር ጀመሩ። የተናደው ጠርዝ ሁለት ክንድ፤ አስታዋ ከመንገዱ አራት ክንድ ዝቅ ብላ። ወጣቱ «በዚያ ጊዜ ልጓሙ የት ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«በቀኝ እጄ። ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ነበር፤ ጠባሳው ይኸው።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው። ሲጎትተኝ እጄን ቆረጠኝ እኮ።»

«ማን ጎተተው?»

«ማንም አልነበረም።»

«እንዴት ማንም አልነበረም?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። «ተከሳሿ ነበረች!»

ግራዝማች ጠባሳቸውን አዩ፣ አስታዋን አዩ፣ ከዚያ በቅሎዋን። ሳትሸሽ፣ ሳትደናገጥ፣ ወደ ኋላ እየሄደች ከገደል ያወጣቻቸው እሷ ነበረች። እሳቸው ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በልባቸው ጣለችኝ ሲሉ ኖረዋል።

በርኖሳቸውን አስተካከሉ። «ተከሳሿ ነፃ ናት» አሉ። «ከሳሽ ስሟን ስላጠፋ ግማሽ ዳውላ ገብስ ይካሳት። ይግባኝ የለም።»

«ስንት ቁና?» አለ መርስዔ ኃዘን።

«ግማሽ ዳውላ አልሁህ፣ ዐሥር ቁና ነው!»

«ፍርሃቱን ነው የጠየቅሁት።»

ግራዝማች አፋፉን ተመለከቱ። «እሱ... ስድስት።» ከዚያም ተቀመጡባትና በዚያው መንገድ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ።

የለውጡን ጥቅም በአጭሩ እንናገር። ግራዝማች የራቀ ባለጉዳይ ቦታ ድረስ ሄደው ማየት ስለቻሉ አምስት ወር የቆዩ ሦስት ክርክሮች ተቈረጡ። አማከለች መርስዔ ኃዘንን ሦስት ጊዜ አነጋገረችው፤ የጎበዜን ኮርቻ ከቤቷ ግድግዳ ሰቅላ፣ ከግራዝማች አሮጌ ኮርቻ ተውሳ ገበያ በበቅሎ መሄድ ጀመረች። ስለ ጎበዜ ስትናገር አሁንም ታለቅሳለች፤ ግን እህል ትቀምሳለች። በሬውን የከሰሰው ሰውም ራስ ምታቱን ለጤና ጣቢያው አሳየ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ራቤል ገበያ ላይ «ፈርቻለሁ» ማለት እንደ ነውር መቈጠሩ መቅረቱ ነው።

ግራዝማችና ባለቤታቸው መስከረም ሃያ ሁለት ቀን ወደ ዓለም ከተማ ተነሡ። መርስዔ ኃዘንም ወደ ሥራው ተመለሰ። በጥቅምት አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ይህ ደብዳቤ ደረሰው፤ አጻጻፉ እንደ ችሎት መዝገብ ነበር።

«ለአቶ መርስዔ ኃዘን። ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። መስከረም ሃያ ስድስት ቀን ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ዓለም ከተማ ገባን። ልጅቱን በነጋታው ሲያጠምቋት ቆሜ አየሁ፤ ወለተ ማርያም ተብላለች። ቄሱ ውኃውን ሲያፈሱባት እጄን ይዛ ጮኸች፤ አጨባበጧ የኔ ነው። በመንገዱ ትልልቅ ቁልቁለት ስድስት ነበር። አምስቱን በበቅሎ ወረድሁ። አንዱን በእግሬ ወረድሁ፤ ስእለት ነው ግን አላልሁም። ከሁሉ የከፋው ሰባት ቁና ነበር፤ ስንመለስ በዚያው ቦታ አራት ሆነ። ቤቴ ገብቼ ይህን ስጽፍልህ የቀረው ሁለት ቁና ነው። ተናኘወርቅ ሁለት ተኩል ነው ትላለች፤ ደግመን ሰፈርነው፣ ሁለት ነው።»